ለአባቴ የመረጥሁት የኋላ ጎማ

የሞተር ጎማ መምረጥ እንቅልፍ ሊነሣኝ እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር። ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ለሌሎች መጽሐፍ ስመርጥ እውላለሁ። ምርጫዬ ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም፤ አንባቢው መጽሐፉን ይመልስና ሌላ ይወስዳል። በዚያ መስከረም ግን ከምርጫዬ ላይ የሚቀመጠው አባቴ ነበር።

ሞተሩ የሟቹ አጎቴ ነው። አዲስ አበባ ይነግድ የነበረው ይህ የእናቴ ወንድም በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ለደስታው ሲል የገዛው ዕቃ እርሱ ነበር፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ እንደ ሶፋ የሰፋ፣ ነጂው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚቀመጥበት ከባድ ሞተር ሳይክል። በከተማችን ባጃጆችና ቀጫጭን ሞተሮች መካከል ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። እኔ ደግሞ መታየት አልወድም፤ ስለዚህ በውርስ ሲደርሰኝ ልሸጠው ወስኜ ነበር። ያልሸጥሁት በአባቴ ጉልበት ምክንያት ነው።

አባቴ ካቻምና ከመሰላል ወድቆ ከተሰበረ ወዲህ የቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ አይችልም፤ በትንንሾቹ ሞተሮች ላይም እንዲሁ። መኪና በኮንትራት ብንይዝለት እንኳ፣ ቸሃ ወዳለው የአያቶቼ ግቢ የሚያደርሰው የመጨረሻው መንገድ በእንሰት መካከል የሚያልፍ፣ ክረምት የሸረሸረው ጠባብ መንገድ ስለሆነ መኪና አያስገባም። በዚህም የተነሣ ዓምና አባቴ የመስቀልን በዓል ወልቂጤ ውስጥ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ አሳለፈ።

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አለብኝ። በቤታችን ለመስቀል የሚታረደው በሬ የቤቱ ታላቅ ሳይመርቅ ቢላ አይነካውም፤ ታላቁም አባቴ ነው። ዓምና ቤተሰቡ እስከ እኩለ ቀን ጠብቆት ሲቀር ታናሽ ወንድሙ በእርሱ ቦታ ቆሞ መረቀ። አባቴ ይህን በስልክ ሲሰማ «ደግ አደረጋችሁ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣውም። ዘንድሮ በዓሉ ሲቃረብ ያው ታናሽ ወንድሙ ደወለ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ካልመጣህ በሬው ቆሞ ይውላል። እኔ ሁለተኛ አልደፍርም» አለው።

አባቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሞተሩ ተመለከተ። እኔም መልሱን ተረዳሁ።

አንድ የብየዳ ባለሙያ በሞተሩ ቀኝ ጎን ረዘም ያለ የእግር ማሳረፊያ ሠራልኝ። አባቴ ተቀምጦ ሞከረው፤ እግሩ እንደተዘረጋ ተመቸው። የቀረኝ ጎማውን ማሳየት ብቻ ስለመሰለኝ፣ ለእርዱ ስምንት ቀን ሲቀር ሞተሩን ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ወሰድሁት። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ዳበሰ።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ጎማ አይደለም፤ ሸራ ነው» አለኝ። አስተማሪ ባልሆንም ከመጻሕፍት ጋር ስለምውል የከተማው ሰው መምህር ይለኛል።

«ምን ያህል ይሄድልኛል?»

«ለብቻህ ከሆንክ እስከ ገበያ። አባባን ከጫንክ ግን እስከ አታት። ሐኪም ቤቱም እዚያው ስለሆነ ብዙ አትቸገሩም።»

በአጠገቡ የቆሙ የባጃጅ ነጂዎች ሳቁ። እርሱ ግን አልሳቀም።

«የዚህ ልክ ወልቂጤ ውስጥ አይገኝም» ሲል ቀጠለ። «ግን መላ አላጣም። የትንሽ መኪና ጎማ ላስገባልህ፤ ቸርኬው ይቀበለዋል።»

«የመኪና ጎማ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው» አልሁት። «ሞተር ሲታጠፍ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ መሬቱን የሚይዘው የጎማው ጎን ነው። ስለዚህ ክብ መሆን አለበት።»

«መጽሐፉ ነው እንዲህ ያለው?»

«አዎን።»

«እንግዲያው መጽሐፉ ጎማ ይስጥህ!» አለና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጥቂት ቆይቶ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ቡታጅራ ሂድ። መለዋወጫ የሚሸጡ አንድ ሀጂ አሉ፤ አዲስ አበባ የጠፋ ዕቃ እሳቸው ዘንድ አይጠፋም» አለኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ተራራውን ተሻግሬ ቡታጅራ ደረስሁ። የሀጂ ሱቅ ጠባብና ጥልቅ ነበር፤ እርሳቸውም ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልኩን ስነግራቸው ከውስጥ ሦስት ጎማዎች አስወጡልኝ። የመጀመሪያው ጥርሱ የጠለቀ፣ አዲስ እንደተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ነበር። ሁለተኛው ከውጭ አገር የመጣ ያገለገለ ጎማ ነው። ሦስተኛው ያልተነዳ ቢሆንም አቧራ የለበሰ፣ ጥርሱ አጠር ያለ፣ ዓይን የማይስብ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ስፋቱን፣ የቸርኬውን ልክ፣ ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ክብደት የሚያመለክተውን ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከርሁ። ሞተሩ ራሱ ከባድ ነው፤ በላዩ ላይ ሁለት ሰዎች እንሆናለን፤ ስለዚህ ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉም በላይ ያሳስበኝ ነበር። የሚያብረቀርቀው ጎማ ሁሉንም አሟላ።

«ወላሂ፣ ይህን የወሰደ ሰው ወደኔ ተመልሶ አይመጣም» አሉ ሀጂ።

«ለምን?» አልሁ ደንገጥ ብዬ።

«አያልቅበትማ!»

ጎማውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ወልቂጤ ስመለስ ልቤ በኩራት ተሞልቶ ነበር። ሥራዬን በጥንቃቄና በሥርዓት እንደፈጸምሁ ተሰማኝ።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጎማውን ሳሳየው «እስቲ አምጣው» አለና በማይታጠፈው እግሩ ላይ አስተኛው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጎኑን ጫን አደረገው። ከዚያ አሸተተው። ከዚያም በሁለት እጁ አጥፎ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ቦይ ከፈተ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«አዲስ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ያልተነዳ ነው። አዲስ ግን አይደለም። ና እይ።»

ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። በቦዩ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተራ በተራ ተደርድረዋል። አባቴ ሲለቀው ተዘጉ፤ ሲያጥፈው ተከፈቱ።

«ከዚህ በረባሶ ብሠራ ገዢው በሳምንቱ ይዞት ይመጣል» አለ። «ደርቋል። ዘይት ቀብተው ነው ያሳመሩት።»

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልጻፍ። አባቴ በወጣትነቱ መርካቶ ውስጥ፣ በኋላም ወልቂጤ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ እየሠራ ነው ያሳደገን። ጎማ ሲቀድ፣ ሲልግ፣ ሲሰፋ ሠላሳ ዓመት ያህል አሳልፏል። እኛ ልጆቹ ስንማርና ከፍ ከፍ ስንል ግን ያ ሥራ በቤታችን መነሣቱ እየቀረ ሄደ፤ ማንም ይቅር ሳይል ቀረ። እኔም ስለ ጎማ ማወቅ ባስፈለገኝ ጊዜ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ ጎሚስታ ጠየቅሁ፤ ተራራ ተሻገርሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖረውን ሰው ግን አልጠየቅሁም።

ጎማውን ገልብጬ ሌላውን ጎኑን ተመለከትሁ። በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ አራት አኃዞች ተቀርጸው ነበር፤ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ። ጎማው የተሠራው እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሱቅ ውስጥ ቁጥሮቹን ያነበብሁት ከአንዱ ጎን ብቻ ነበር።

አባቴ ይህን ስነግረው ሳቀ። ከዓምናው መስቀል ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር።

«አይ አንባቢው ልጄ! አንዱን ገጽ ብቻ አንብበህ መጣህ?»

በዚያ ምሽት አስተማረኝ። ሕያው ጎማ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ሲለቁት ምልክቱ ይጠፋል። የሞተ ጎማ ወይ አይሰረጉድም፣ ወይ ምልክቱን ይዞ ይቀራል። ከአሮጌ ዕቃው መካከል ቁርጥራጭ ጎማዎች አወጣና ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እንድለይ አደረገኝ። ስሳሳት «ደግመህ» ይላል፤ ሳገኝ ግን ቀጣዩን ቁራጭ ያቀብለኛል።

ለእርዱ ሁለት ቀን ሲቀር እንደገና ወደ ቡታጅራ ሄድሁ። መንገዱ ለበዓል ወደየአገራቸው በሚመለሱ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጎማውን ታቅፌ በመቀመጤ ከጎኔ የነበረች ሴትዮ «ሌላው ሰው በግ ይዞ ይሄዳል፤ አንተ ጎማ!» ብላ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀችብኝ። ሀጂም ገና ከሩቅ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሡ።

«ተመልሶ አይመጣም ያልኩት ሰው መጣ! ምነው ልጄ፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው፣ ሀጂ። ግን ይህ ጎማ አርጅቷል።»

«አልተነዳም እኮ!»

«አልተነዳም። ደርቋል።» አጠፍሁና ቦዩን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ሀጂ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ። «ማን አሳየህ?»

«አባቴ።»

«መካኒክ ነው?»

«በረባሶ ሠሪ ነበር» አልሁ፣ ድምፄን ሳልቀንስ።

«አላህ ይይልህ! ይህን መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር? ለበረባሶ ሠሪ ልጅ ዘይት የተቀባ ጎማ አውጥቼ ልዋረድ?»

«ታዲያ ለምን ቀቡት?»

«አቧራ እንዳይዘው ነዋ!» አሉ፤ ራሳቸውም ግን ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ጎማውን ተቀብለው ወደ ውስጥ ወረወሩትና «በል፣ የፈለግኸውን ምረጥ» አሉኝ።

ያገለገለውን ጎማ አነሣሁ። በጥፍሬ ስጫነው ሕያው ነበር፤ በውስጥ በኩል በእጄ ስዳብሰው ግን የተለጠፈ ቁስል አገኘሁበት። አስቀመጥሁት። አቧራ የለበሰውን ሦስተኛውን ወሰድሁ። በጥፍሬ ስጫነው ሰረጎደ፤ ስለቀው ምልክቱ ጠፋ። አጠፍሁት፤ ቦዩ ንጹሕ ነበር። ጎማነቱ ይሸታል። ሁለቱንም ጎኖች አነበብሁ፤ ከተሠራ ብዙም አልቆየም፤ የሚሸከመውም ክብደት ከመጀመሪያው የሚበልጥ ነበር።

«ጥርሱ አጭር ነው፤ ብዙ ክረምት አይዘልቅልህም» አሉ ሀጂ፣ አሁን በቅንነት።

«ከነገ ወዲያ ካደረሰኝ ይበቃኛል» አልሁና ስለ አባቴ፣ ስለ ጉልበቱና ስለ በሬው ነገርኋቸው። ሀጂ ተናግሬ እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ ተነሥተው አንድ አዲስ ካላማዳሪ አመጡና ጎማው ውስጥ ከተቱት።

«ይህን ከእኔ ነው በልልኝ። ለአባትህም ሰላምታ አድርስ።»

ወልቂጤ ስደርስ ጎሚስታው ወዲያው ገጠመልኝ። አባቴም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ጎማው ከታሰረ በኋላ «የበረባሶ ሶልም አዲስ ሲሆን ያንሸራትታል። ለብቻህ ሂድና አሸዋ አስነካው» አለኝ። እኔም ይህንኑ አንብቤ ነበር፤ ሆኖም ከእርሱ አፍ እንደሰማሁት ሆኜ «እሺ አባባ» አልሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ ጨለማ እስኪቃረብ ድረስ ወዲያና ወዲህ ነዳሁት።

በእርዱ ማለዳ ያካፋ ነበር። አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ በላዩ ላይ የዝናብ ልብስ ደርቦ፣ እግሩን በማሳረፊያው ላይ ዘረጋ። አታትን አለፍን። ከአስፋልቱ ወጥተን ቀዩ ጭቃ ውስጥ ገባን፤ ትከሻዬ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ፣ መንገዱ ወደ ግራ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሰዎች የሚነዱት አንድ ኮርማ ከእንሰቱ ውስጥ ድንገት ወጥቶ መንገዱን ዘጋው። ፍሬን ያዝሁ። የኋላው ጎማ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተ፤ የአባቴ ጣቶች ትከሻዬ ውስጥ ተቀበሩ። ከዚያ ጎማው መሬቱን አገኘና ነከሰ። ኮርማው ከፊታችን ቆሞ በንቀት ተመለከተን።

«ያዘ» አለ አባቴ።

«ያዘ፣ አባባ» አልሁ። የቀረውን መንገድ ያንኑ ጭቃ እየረገጥን ሄድን፤ እኔ ግን መንገዱን መፍራት ትቼ ነበር።

ግቢው ደጃፍ ስንደርስ ታናሽ ወንድሙ እየሮጠ ወጣ።

«ጋሼ! መጣህልኝ! ምናልባት ከቀረህ ብዬ ምርቃቱን ስለማመድ ነው ያደርኩት።»

«እስቲ በል፣ እንስማህ» አለው አባቴ ገና ሳይወርድ።

«ኧረ ተወኝ! አንተን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ።»

ለሁለት ደግፈን አወረድነው። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሡ። አባቴ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ፣ የማይታጠፈውን እግሩን ወደ ጎን አድርጎ በሬው ፊት ቆመ፤ ድምፁም ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ቃላቱ ለእኔ ከሩቅ እንደሚመጡ ሆነው ይሰሙኝ ነበር፤ ምክንያቱን ያወቅሁት አክስቴ ጎኔን ስትጎሽመኝ ነው። ሄልሜቴን ሳላወልቅ እዚያ መካከል ቆሜ አሜን እል ነበር።