ገዳሪፍ የደወልንበት ቀን

እህቴ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ቤይሩት በበረረች ቀን፣ በረራው አምስት ሰዓት እንኳ እንደማይሞላ ከስልኬ አንብቤ ለአባቴ ነገርኳቸው። አምስቱ ሰዓት አልፎም አልደወለችም።

እኛ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት የምንጠብቀው መኪና ሲዘገይ፣ በመንገዱ ላሉ ዘመዶች ደውለን «አለፈ ወይ?» እንላለን። አባቴም «በመሃል ማን አለን?» አሉኝ። ስልኬ ላይ ባለው ካርታ የበረራው መስመር የሱዳንን ጫፍ እንደሚነካ አሳየኋቸው።

«ታዲያ እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላለው ሰሊጥ ገዢያችን ደውልለታ! አይቶት እንደሆነስ?»

ሳቄ ቢመጣም ደወልኩ።

«ኧረ ወንድሜ» አለ ሰውዬው፣ «በዚህ ጦርነት የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ አልጋ ሥር እንገባለን እንጂ ማን ቀና ብሎ ያያል?»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁላችንም ሰማነው። እናቴ የምታበጥረው ሰሊጥ ከእጇ ተደፋ።

ሊመሽ ሲል ከማናውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለ። ሦስታችንም ስልኩን እያየን ለማንሳት ፈራን። በመጨረሻ አባቴ ነጥቀውኝ አነሱት።

«አባቴ፣ ደርሻለሁ። አሠሪዬ እስኪመጡ ድረስ አየር ማረፊያው ውስጥ አስቀምጠውኝ ነው።»

እናቴ እልል አለች። አባቴ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እላይ ሳላችሁ አልተኮሱባችሁም?» ይሏት ነበር።