ባዶ ነው ያልኩት ቦታ

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል። አንተ ላሊበላ መሀል ያለውን አዲሱን ሕንፃ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ የሆነውን፣ አይተህ "ሲያምር!" ትላለህ። ያምራል። እኔም እዚያው ሱቅ አለኝ፤ አፌን ቁርጥ ያርገው።

ያኔ ቦታው ፍርስራሽ ነበር። ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶች፣ ሳማ፣ መሀሉ ላይ አንድ ወይራ። ከወይራው ሥር ዓይነ ስውሩ የኔታ ንባብ ያስተምሩ ነበር። እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በሶ በሶ የሚሸት ጋቢያቸውን ደርበው፣ የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል የአንዱን ልጅ ስህተት ለይተው ይሰማሉ። ስህተቱን ግን አይነግሩህም። "ድገም" ብቻ ነው የሚሉህ። ስትደግመው ራስህ ታገኘዋለህ።

ቦታው ሊለማ ነው ሲባል ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሥራ የለኝም። የኛ የወጣቶች ማኅበር ከሚሠራው ሕንፃ የፊት ለፊቱን ሱቅ ያገኛል ተብሏል። ወይራው ያለበት ማስተማሪያ ነው ከተባለ ግን ለየኔታ ይተውላቸዋል፤ የኛ ሱቅ ቀረ ማለት ነው።

ቦታውን የሚያጣራው ኮሚቴ መጥቶ፣ ፍርስራሹ ላይ ቆሞ "እዚህ የሚገለገል ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ። የኔታ ወረቀት የላቸውም።

"እኔ ለራሴ አልመሰክርም" አሉ። "ይኸው፣ ያስተማርኩት ልጄ እዚህ ቆሟል፤ እሱን ጠይቁት።" በድምፄ ለይተውኝ ነበር።

"እኔ አላውቅም። ባዶ ቦታ ነው" አልኩ።

የኔታ ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው፣ ልክ እንደ ልጅነቴ፣ ቀስ ብለው "ድገም" አሉኝ።

ወይ ጉዴ! መመለሻ እኮ ነው የሰጡኝ። እኔ ደግሞ ደገምኩት፤ "ባዶ ነው።" ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ጸሐፊው ጻፈው።

ወይራው ተቆረጠ። የኔታ ወደ ከተማው ዳር ሄደው ሰው ግቢ ተጠጉ፤ ተማሪዎቹም መንገዱ ራቃቸውና ቀስ በቀስ ቀሩ።

ባለፈው ፋሲካ ጧፍና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ኮቴዬን ሰምተው "መጣህ ልጄ? ሱቁ ደኅና ነው?" አሉኝ። ጉልበታቸውን ስሜ "የኔታ፣ ያን ቀን እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሱቁማ ደኅና ነው፣ የኔታ" አልኩ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ምርቃቱ ካለቀ በኋላም ቀና አላልኩም፤ "ድገም" እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነበር።

አላሉኝም።