ሳያስፈራ መርፌ መውጋት

በነርሶች ኮሌጁ ከእትዬ ጋር ቢሮ ከተጋራን ስምንት ዓመት ሆነን። እኔ የሰውነት ክፍሎችን አስተምራለሁ፣ እሳቸው ደግሞ የነርስነትን ሀሁ። ተማሪዎች ከጀርባቸው «እትዬ ግማሽ» ይሏቸዋል፤ ጓንት ሲያጠልቅ ጠርዙን ለነካ ግማሽ ነጥብ፣ የመርፌ ክዳን ለረሳ ግማሽ ነጥብ ይቀንሳሉና። ስሙን ሰምተውታል። ይባስ ብለው ወደውታል።

ባለፈው ዓመት አዲሱ የክፍል ኃላፊያችን ኮርሶቻችንን ሁሉ ከመጨረሻው ጀምረን እንድንጽፍ አዘዘ። መጀመሪያ፣ ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ ምን ማድረግ እንደሚችል፤ ቀጥሎ፣ መቻሉን በምን እንደምናይ፤ ምን እንደምናስተምር ደግሞ በስተመጨረሻ። «ያውቃል»፣ «ይረዳል»፣ «ይገነዘባል» ክልክል ሆኑ፤ ማወቅ በዓይን አይታይም ተባለ። እኔ እውነቱን ለመናገር ደሜ ፈላ። የድሮውን አውጥቼ «ያውቃል» ያለውን ሁሉ «ይዘረዝራል» ብዬ ተካሁና በአንድ ከሰዓት ተገላገልኩ። ጸደቀልኝም።

ለእትዬ ግን ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ቅጹ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እስከ ሁለተኛው አርብ ካልጸደቀላቸው፣ ኮርሱ ለሌላ መምህር ተሰጥቶ እሳቸው የመለማመጃ ክፍሉን ዕቃ ጠባቂ ሆነው ሊቀሩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ኮርስ! አብራቸው የምትኖረው እህታቸው እንኳ እንግዳ ሲመጣ «የሷ ልጅ ኮርሱ ነው» እያለች ትቀልድባቸዋለች።

ቅጹ ላይ ሦስት ቀን አፈጠጡ። በአራተኛው ቀን አንድ መስመር ጻፉ፦ «ተማሪው ታካሚውን ሳያስፈራ መርፌ ይወጋል።» ኃላፊው «ሳያስፈራ» የሚለውን በቀይ አክብቦ መለሰው፤ ከጎኑ «ይህ በምን ይለካል?» ብሎ ጽፎበታል።

ወረቀቱን ይቀዳድዱታል ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ስሚ እስቲ፣ ሰው አለመፍራቱ በምን ይታወቃል?»

«ይጠየቃላ!»

«ሲጠየቅማ ማን ፈራሁ ይላል?»

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ከኮሌጁ አጠገብ ባለው ሆስፒታል መርፌ ክፍል ገቡና፣ ታካሚዎቹን እያስፈቀዱ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ማክሰኞ እኔም አላስችል ብሎኝ ተከተልኳቸው። ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ እየተንጠባጠበ የሚያናድድ ቧንቧ። ሦስቱም ነርሶች የእኛው ምሩቆች ናቸው።

«ፊቱን ተዪው፤ ፊት ይዋሻል» አሉኝ በሹክሹክታ። «እጁን እዪ።»

እውነትም በፊቱ ጀግና የሚመስለው ሰውዬ የአልጋውን ብረት አንቆ ይዞታል። እትዬ ለሦስቱ ነርሶች ሦስት አምድ አስምረው፣ ታካሚው ብረቱን በጨበጠ ቁጥር ምልክት ያደርጋሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ የሚወጉ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ይጨብጣል። በማግስቱ ግን የሁለቱ ነርሶች አምድ በምልክት ሲሞላ፣ የሦስተኛዋ ባዶ እየሆነ ሄደ። ምክንያቱ ጠፋን። መርፌው ያው፣ መድኃኒቱ ያው።

«እጇማ እንዲያውም ይዘገያል» አሉ እትዬ፤ «እኔ ብሆን እቀንስባት ነበር።»

ረቡዕ ዕለት ማየቱን ትተው ማድመጥ ጀመሩ። ሁለቱ ነርሶች «አይዞህ፣ ምንም አያምም» ይላሉ። ሦስተኛዋ፣ ወፍራም ድምፅ ያላት ደልዳላ ሴት፣ አንዱን ግንበኛ «ያማል» አለችው። «እስከ አምስት እቆጥርልሃለሁ፤ አምስት ላይ አለቀ።» ቆጠረች። አምስት ላይ አለቀ። ሰውዬው ትናንትም በእሷ የተወጋ ነው፤ እጁ ገና ከጅምሩ ተፈቶ ነበር።

እትዬ ደብተራቸውን ዘግተው ወጡ። ቢሮ እንደገባን የተግባር ፈተና መመዘኛቸውን መዘዙ። ዘጠነኛው መስፈርት እንዲህ ይላል፦ «ምንም አያምም በማለት ታካሚውን ያረጋጋል — ሦስት ነጥብ።» ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ቀጥለው የድሮውን የውጤት መዝገብ ከቁም ሳጥን አወጡ። ሦስተኛዋ ነርስ ከስድስት ዓመት በፊት ዘጠነኛው ላይ ዜሮ አግኝታለች። ከጎኑ በእትዬ የእጅ ጽሑፍ «ታካሚውን አስፈራርታለች» የሚል አለ። በዚያች ሦስት ነጥብ ወድቃ ፈተናውን ደግማለች።

«ያኔ እኮ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያስተምረው» አልኳቸው።

«ሁሉም አልፈረመበትም፤ እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ሐሙስ ከሰዓት ነርሷን ተረኛነቷን ጨርሳ እጇን ስትታጠብ አገኘናት። እትዬ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም።

«ልጄ፣ በፈተናው ላይ ትክክለኛዋ አንቺ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እጇን ለረጅም ጊዜ አደራረቀች። «ስደግም አልፌያለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«መዝገቡ ላይ አየሁት።»

«በምን እንዳለፍኩ ያውቃሉ? አያምም ብዬ ነዋ!» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሁሉም አያምም ስል ኖርኩ። እርስዎ ካሉኝ ልክ ነው ብዬ። አንዲት በየቀኑ የምትመጣ ሴትዮ ናት ያነቃችኝ። ‹መርፌው አይደለም የሚያመኝ፣ አንቺን ሳይ ነው› አለችኝ።»

እትዬ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ዓይናቸው ሞልቶ ሳለ፣ ደብተራቸውን አወጡ።

«እስከ አምስት መቁጠሩንስ ከየት አመጣሽው?»

«በሙከራ። ሦስት አይበቃም፣ አሥር ስላቸው ደግሞ ይሰጋሉ።»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ጻፉት።

አርብ ጠዋት ቅጹ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ «ተማሪው ከመውጋቱ በፊት እንደሚያም ለታካሚው ይነግራል፤ ስንት እንደሚቆጥር ይነግራል፤ በተናገረው ቁጥር ላይ ይጨርሳል።» ኃላፊው ሁለቴ አነበበው። ቀይ እስክሪብቶውን ሳያነሳ «ፈታኙ ማነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። እትዬ የነርሷን ስም ሰጡት፤ ፈረመ። ኮርሱ ተረፈላቸው።

እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ስገባ የሃያ ሁለት ዓመቱን የውጤት መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ከምረውታል። ዘጠነኛው ላይ ሦስት ከሦስት ያገኙትን እየለዩ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ሰባት መቶ ደርሰዋል፤ ገና አላለቀም። አጠገባቸው ለሁሉም የሚላክ አጭር ደብዳቤ ተቀምጧል። ከትከሻቸው በላይ አጎንብሼ አነበብኩት፦

«ዘጠነኛው ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻችሁ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ፣ ያማል በሏቸው።»