ስድስት ቡና ቤት፣ አንድ ባዶ ገጽ

ሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል። ደሴ

አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል ብለውን አሥራ ሁለት ተኩል ተነሣ። በመካከሉ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ቁርስ በላ፤ እኛ ቆመን አየነው። ጣሪያው ላይ የበርበሬ ከረጢት፣ የሽቦ አልጋ፣ ሁለት ፍየል ከነነፍሳቸው ተጭኗል። ፍየሎቹ ከእኛ የተሻለ አየር ያገኛሉ።

የምሄደው አስመራ ነው፤ ቡና ልጠጣ። ሚስቴ ስነግራት አልሳቀችም። «ሌላው ለዚያራ ይሄዳል፤ አንተ ለቡና ቤት ሁለት ቀን ትጓዛለህ» አለችና ቆሎ ቋጠረችልኝ። እውነቷን ነው። አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ሰው ይከሳል፤ እኔ የማላውቀው ቡና ቤት ገብቼ መቀመጥ እወዳለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያልገባሁበት የለም። ዘበኛ ያባረረኝም አለ፤ ልብሴ ሬንጅ ሬንጅ ስለሚል።

የሬንጅ ሰው ነኝ። መንገድ ሥራ ላይ በርሜል እያነደድኩ ሠላሳ አራት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ «ሀ»ን ከ«ለ» አልለይም ነበር። ያስቆጠረኝ ተኽለ ነው፤ የአስመራ ሰው፣ የካምፓችን መካኒክ። መጽሐፍ አልነበረንም። ተኽለ ደግሞ አገሩ ናፍቆታል። ስለዚህ የሚወዳቸውን የአስመራ ቡና ቤቶች አንድ በአንድ እየነገረኝ አስጻፈኝ። «አንደኛ። መስተዋቱ ትልቅ ነው። ቡናው ወፍራም ነው። ጻፍ።» ሰዉ በዳዊት ወይም በቁርአን ማንበብ ይማራል፤ እኔ በማኪያቶ ተማርኩ። ሰባት ናቸው አለኝ፤ ስድስቱን አስጻፈኝ። «ሰባተኛውን ስትመጣ አሳይሃለሁ» ብሎ ገጹን ባዶ አስተወኝ።

ሥራውን ለቆ አገሩ ከገባ በኋላ እንጻጻፍ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤው ከመጣ ዓመት አልፏል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ስለዚህ ያንን ደብተር ይዤ ተሳፈርኩ። ቤቶቹን በተራ እዞራለሁ፤ ካንዱ አላጣውም። ሞቶም ከሆነ ካንዱ እሰማለሁ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት። ከደቀምሐረ ወዲያ

መንገዱ እንደ እባብ ይጠመዘዛል። ዳገቱ ላይ ሴቶች በለስ በቆርቆሮ ይሸጣሉ። ሾፌሩ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ይሰብከናል፦

«ይህን መንገድ ጣልያን ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ የለም።»

«ሬንጁን ማን አነደደው?» አልኩት ከኋላ።

«ምን አልከኝ?»

«ምንም። መንገዱን እይ።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሐሰን የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ አስመራ ቅመም ሲሸጥ ስምንት ዓመቱ። ስሜን ጠይቆኛል፤ ስጽፍ አይቶ ጆሮዬ ሥር ተጠጋ።

«ሰይዶ፣ ያን ደብተር አስመራ ስትገባ ኪስህ ክተተው።»

«ለምን?»

«የሚጽፍ ሰው አይወዱም። በአማርኛ የሚጽፍ ደግሞ...» እጁን አራገበ። «ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገሩ አሥራ አራተኛ ጠቅላይ ግዛት ከተባለ ወዲህ፣ ቡና ቤት ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው።»

«በሠላሳ አራት ዓመቴ የተማርኩትን ልደብቅ?»

«አትደብቅ። ብቻ መንገድ ላይ ካገኘኸኝ አታውቀኝም፤ እሺ?»

ፈሪ ነው አልኩ በልቤ። አስመራ ስንገባ ሳይሰናበተኝ ወረደ።

ረቡዕ

ያደርኩት ቃሓውታ የሚባል ሰፈር ያለ አልቤርጎ ነው። አንሶላው ንጹሕ፣ ባለቤቷ ኩርፍተኛ። ማልጄ ተነሥቼ ወደ ዋናው ጎዳና ወጣሁ፤ እነሱ ኮምቢሽታቶ ይሉታል። ዘንባባ ግራና ቀኝ ተሰልፏል። ሰዉ በጠዋቱ ከረባት አስሮ ጫማውን አስጠርጎ ይሄዳል። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚለብሰው ሙሽራ ነው፤ እሱም ተበድሮ።

አንደኛው ቤት ተኽለ እንዳለው መስተዋቱ ግድግዳውን ይሞላል። ሰዉ እንደ ጣልያን ባንኮኒው ላይ ክንዱን አሳርፎ፣ ቆሞ ይጠጣል። የቡናው ማኪና ይጮኻል፣ ጽዋ ይንኳኳል፣ ሁሉም ያወራል። እኔ ተቀመጥኩ። ደብተሬን አወጣሁ፣ እርሳሴን በምላሴ አራስኩ፣ «አንደኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ማኪናው ብቻ ሲጮኽ ቀረ።

ቀና ስል ባንኮኒው ላይ ሁለት ሰው ቀርቷል፤ እነሱም እየጨረሱ። ነጭ ኮት የለበሰው ባሪስታ ማኪያቶ አመጣልኝ፤ ከሱ ጋር ፓስቲ።

«ፓስቲ አላዘዝኩም።»

«ከቤቱ ነው፣ ጐይታይ።»

ጌታዬ ማለቱ ነው። በዕድሜዬ ጌታዬ ያለኝ ሰው አልነበረም። ፓስቲውን በላሁት።

«ተኽለ የሚባል መካኒክ ታውቃለህ? ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። የማይ ጭሆት ሰው ነው።»

«ኣይፋልን፣ አላውቅም ጌታዬ።»

«ማይ ጭሆት እንኳ...»

«ማይ ጭሆትንም አላውቅም።»

ማይ ጭሆት በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቡናው ወፍራም፣ አረፋው እንደ ተነደፈ ጥጥ። ሰዉ ቸር ነው፤ የገዛ ከተማውን ግን አያውቅም።»

ሁለተኛው ቤት ወንበሩ ቀይ ቆዳ ነው። ቡናው መራራ መጣ። ባለቤቱን ጠራሁት።

«ስኳር አለ?»

«ጃንሆይን እንወዳለን» አለኝ።

«ስኳሩስ?»

«እርስዎ ጌታዬ፣ አንድነቱንም በደስታ ነው የተቀበልነው።»

ከዚያ ስኳሩን አመጣ። ስለ ተኽለ ብጠይቀው ስለ አንድነቱ እንደገና ነገረኝ።

ሦስተኛው ቃኘው የጦር ሰፈር አጠገብ ነው፤ የአሜሪካ ወታደሮች የሚገቡበት። እዚያ ማንም አልፈራኝም። እነሱ በሰማይ የሚያልፈውን ወሬ ሁሉ በሽቦ ያዳምጣሉ ይባላል፤ የእኔ እርሳስ ማንን ያስደነግጣል? ቡናው ግን በትልቅ ኩባያ የሚመጣ ቀይ ውሃ ነው። «እግር የታጠቡበት» ብዬ ጻፍኩ። ተኽለ ይህን ለምን እንደወደደ እሱን ሳገኘው እጠይቀዋለሁ።

ከሰዓት ደብዳቤዎቹ ላይ ባለው አድራሻ ማይ ጭሆት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሴት የሱን አፍንጫ ይዛለች፤ እኅቱ መሆን አለባት።

«የተኽለ ቤት ነው?»

«እዚህ ቤት ተኽለ የሚባል አልተወለደም።»

ከጀርባዋ ገመድ ላይ ሰማያዊ ቱታ ተሰጥቷል። ጉልበቱ ላይ የጥቁር ጀበና ቅርጽ ያለው ሬንጅ አለ። ያን ሬንጅ ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ፤ ሲሰድበኝ ሙሉ ቀን ውሏል።

«እኔ ሰይድ ነኝ። የመንገድ ሥራው ሰይድ።»

ፊቴን አላየችም፤ ብብቴ ሥር ያለውን ደብተር አየች። «አይዞዎት፣ ሌላ ቦታ ይጠይቁ» አለችና በሩን ዘጋችው። ሁለት ቀን ተጉዤ የመጣሁበት በር ነው። ከፍየሎቹ ጋር ብመለስ ይሻል ነበር።

ሐሙስ

አራተኛው ቤት ስደርስ አስቀድሞ ባዶ ነበር፤ ወሬዬ ቀድሞኛል። አምስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ገና ስቀመጥ የመታወቂያ ወረቀታቸውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ሻሂ ቢጠጡ አይሻልም ወይ ብዬ መለስኩላቸው። ሁለቱም ቡናቸው ግሩም ነው። ከፍርሃት የሚቀዳ ቡና ይጣፍጣል፤ ይህን ከእኔ ተማሩ።

ስድስተኛው ቤት በጠራራ ፀሐይ ካፖርት የደረበ ሰው ሳይጠራ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቤቱ ውስጥ እሱን የማያይ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን እንዳላየ ያደርጋል።

«ከየትኛው ክፍል ነህ?» አለኝ በአዲስ አበባ አማርኛ።

«ከመንገድ ሥራ።»

«ገባኝ።» ጠቀሰኝ። «ጥሩ ሽፋን ነው። ሁለት ቀን አየሁህ፤ በአደባባይ ትጽፋለህ፣ ድፍረትህ ደስ ይላል።»

ሐሰን ፈሪ አልነበረም፤ ደንቆሮው እኔ ነኝ። ፓስቲው፣ ጐይታዩ፣ አንድነቱ፣ የተዘጋው በር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ ለካ ሰላይ መስያቸው ኖሯል።

ሰውየው ተጠጋ። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ ሁሉን በቃሌ ነው የምይዘው፤ ጽሕፈት አልተማርኩም። የሚጽፍልኝ ሰው ታሟል። ለአለቆቼ ዛሬ የሚገባ አንዲት ወረቀት አለችኝ።»

እምቢ ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ተኽለ ስለሚባል መካኒክ ነው» አለ።

አፌን ዘጋሁት። «እሺ። ንገረኝ፣ እጽፋለሁ።»

አስጻፈኝ። ተኽለ በየቀኑ ከቀትር በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ፣ ከነማን ጋር፤ ስማቸውን ከነአባታቸው። «በዝግታ ያወራሉ» በል አለኝ።

«ምን እያሉ?»

«ትግርኛ አልሰማም። ግን በዝግታ ነው።»

በሠላሳ አራት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩበት ምክንያት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። እሱ «ተኽለ» ሲል እኔ «መስተዋቱ ትልቅ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሰዎቹን ስም ሲጠራ «አረፋው እንደ ተነደፈ ጥጥ» አልኩ። ቅያሱን ሲነግረኝ ስለ ስኳሩ ጻፍኩ፤ እግር የታጠቡበትንም አልተውኩም።

«እስቲ አንብብልኝ» አለ።

ባሪስታው ጽዋ ማጠቡን አቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ፣ የሌለውን አነበብኩ። እሱ ያለኝን ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳላዛባ፣ በየመሥመሩ መጨረሻ ትንሽ እያረፍኩ። ደብተር ሳይኖረኝ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነገር በቃሌ ይዤ ኖሬያለሁ፤ ይህን እሱ ብቻ የሚችለው መስሎታል።

«ጥሩ እጅ አለህ» አለ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከእግር እጣቢው ሥር ፈረመ። ቡናዬን ሳያስከፍሉኝ ወጣሁ፤ ያን ቀን ብከፍል ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

የነገረኝን ቅያስ ተከትዬ ሄድኩ። ምልክት የሌለው በር፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ከተለያየ ብረት የተገጣጠመ አሮጌ ማኪና። ተኽለ ከሦስት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። ፀጉሩ ሸብቷል። ሰዎቹ ደብተሬን አይተው ባንድ ጊዜ ተነሡና በጓሮ በር ወጡ።

«ሰይድ» አለ፤ አልተነሣም። «ይህን ቦታ ማን አሳየህ?»

«ባለ ካፖርቱ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ተቀምጬ ሁሉን ነገርኩት፤ ማን እንዳስጻፈኝ፣ የማን የማን ስም እንደተጠራ፣ እኔ በምትኩ ምን እንደጻፍኩ። እግር የታጠቡበት ላይ ስደርስ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀና ድንገት ተወው።

«ስንት ቀን አለኝ?»

«አለቆቹ እስኪያነቡት።»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንግዲያው ጊዜ አለኝ። ጽሕፈት ቤት ቶሎ አያነብም።»

«ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩልህ» አልኩት። ይህን ሳልል መሞት አልፈልግም ነበር።

«ሁሉም ደርሶኛል። ተቀዶ ነው የደረሰኝ። ብመልስልህ ስምህ ከስሜ ጎን ይጻፍ ነበር። ፊደል ባያስተምረኝ ኖሮ እንድትል አልፈለግሁም።»

«እኅትህ በር ዘጋችብኝ።»

«ጎበዝ ናት።»

ከሰዎቹ ጋር በዝግታ ምን እንደሚያወራ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ተነሥቶ ማኪናው ዘንድ ሄደ። ከየወደቀው ጣልያን ማኪና የለቀመውን ብረት ራሱ ነው የገጣጠመው። ዘንጉን በሁለት እጁ ቁልቁል ሳበ፤ ቡናው እንደ ማር ቀጥኖ ወረደ።

«ሰባተኛው ይህ ነው» አለኝ።

ጠጣሁ። ደብተሩን ገለጥኩ፤ ባዶው ገጽ ላይ ደረስኩ። እርሳሴን በምላሴ አራስኩ። ተኽለ እርሳሴን አየው። እርሳሱን ጆሮዬ ላይ መልሼ ሰካሁት።

«ሦስተኛውን ግን ለምን ወደድከው?» አልኩት።

«ድሮ ጥሩ ነበር» አለ። «የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ሰይድ። አሁን በፊት ለፊት ውጣ፤ እኔ በጓሮ።»

ዓርብ፣ ንጋት። ወደ ደሴ

አውቶቡሱ ዛሬም አርፍዷል። ሐሰን ፌርማታው ላይ ቅመም ሊልክ መጥቶ አየኝ፤ አላወቀኝም። እኔም አላወቅኩትም። ከደቀምሐረ በኋላ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ሾፌሩ ጣልያንን ሲያመሰግን ዝም አልኩት።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል፤ ይህ ማስታወሻ ለጋዜጣ የበቃውም ለዚያ ነው። ያች ወረቀት ባንዱ መዝገብ ቤት ካልተቃጠለች ዛሬም በአውራ ጣት ተፈርማ ትገኛለች። ያነበባት አለቃ ካለ፣ የሦስተኛውን ቤት ቡና እንዳስተካከለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስድስቱን የሚፈልግ ኮምቢሽታቶ ይውጣ። ሰባተኛው የት ነው፣ ተኽለስ የት ገባ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ከማን እንደመጡ አላውቅም። ተኽለ የሚባል አላውቅም። ማይ ጭሆትንም አላውቅም።