ቁጢጥ ያልንበት ዳገት

ለዓመታዊ የልብ ምርመራ ስሄድ ደረቴ ላይ የሚቀቡኝ ነገር ይቀዘቅዛል። ያ ቅዝቃዜ ሁልጊዜ ወደ ትውልድ አገሬ እስቴ፣ ወደ አንድ የጥምቀት ቀን ይመልሰኛል።

ልጅ ሳለሁ ትንሽ ስሮጥ ትንፋሽ ያጥረኝ፣ ከንፈሬም ይጠቁር ነበር። ያኔ ቁጢጥ ስል ቀለል ይለኝ ነበር። ጓደኞቼም ብቻዬን እንዳላፍር አብረውኝ ቁጢጥ ማለት ለመዱ።

የዚያን ቀን ታቦቱን አጅበን ዳገቱን ስንወጣ ደከመኝ። አዲስ ቀሚሳችንን ሰብስበን መንገዱ መሀል ቁጢጥ አልን። እናታቸውን ደግፈው የሚሄዱ አንዲት ሴት አጠገባችን ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«እያረፍን ነው» አለች ደፋሯ ጓደኛዬ።

«መጀመሪያ የተቀመጠችው ማናት?»

ጓደኞቼ ሴትዮዋ ሊቆጡኝ መስሏቸው «እኔ ነኝ!» «ኧረ እኔ ነኝ!» ተባባሉ። ሴትዮዋ ሳቁ። ከዚያ የእያንዳንዳችንን እጅ እያነሱ ጥፍራችንን አዩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ሳቃቸው ቆመ። ከበሮው እስኪያልፍ ጠብቀው ቀዝቃዛ ጆሯቸውን ደረቴ ላይ ለጠፉ።

«አባትሽ የታሉ?»

ለካ ከነልብ ችግራቸው የተወለዱ ሕፃናትን የሚያክሙ ሐኪም ኖረዋል፤ በዓሉን ከእናታቸው ጋር ሊያሳልፉ ነበር የመጡት።

«ልቧ ከተፈጥሮው ቀዳዳ አለው» አሉት ተጠርቶ የመጣውን አባቴን። «ወደ ሳንባዋ የሚወስደው መንገድም ጠባብ ነው። ቁጢጥ ስትል ወደዚያ የሚሄደው ደም ይጨምርላታል። ማንም ሳይነግራት ዘዴውን አግኝታዋለች። አዲስ አበባ በመሣሪያ ታይታ ከተረጋገጠ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።»

«ልቡ ተከፍቶ ሰው ይተርፋል፣ ዶክተር?»

«ብዙዎች ሲድኑ አይቻለሁ። አደጋ የለውም ግን አልልዎትም። እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ እጇን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።»

አባቴ አተኩሮ አየኝ። «እንግዲያ ይውሰዷት» አለ።

ሐኪሟ ቃላቸውን ጠበቁ።

ድኜ ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ስመለስ አባቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ መናኸሪያ በቅሎ ጭኖ ጠበቀን። መንገዱ የደረሰ ገብስ ይሸት ነበር።

«ነይ ላውጣሽ።»

«በእግሬ ነው የምሄደው፣ አባዬ።»

እናቴም ከኋላ ሆና ልታየኝ ፈልጋ አልወጣም አለች። ያገኘን ሁሉ «ምነው በቅሎዋን ባዶዋን?» ሲለው፣ አባቴ «ልጄ መሄድ አምሯት!» ይላል። ያልጠየቀውንም እያስቆመ ይነግራል። ዳገቱ አናት ስንደርስ ያለከለከው እሱ ነበር። «እኔን ደከመኝ» ብሎ እየሳቀ ኮርቻው ላይ ወጣ።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። ያን ቀን ግን ልጓሙን ተቀብዬ፣ እናቴ ከኋላችን እልል እያለች፣ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።