ድስት ጠጋኙና አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ

«ሚስቱን በድስት ፈንክቷት ጥሏት ሄደ» ነው የሚባለው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይላሉ ትልልቆቹ፤ ይህ መንደር ግን መላውን ትቶ ጨው ነው የሚጨምርበት።

ሲጀመር አልፈነከታትም። ቅንድቧ ላይ ያለው ጠባሳ የቁም ሳጥን በር የሰጣት ነው፤ ያውም ነገሩ ከመፈጠሩ ከዓመት በፊት። ሲቀጥል የትም አልሄደም። ዛሬም እዚያው ቤት፣ እዚያው አልጋ ላይ እያንኮራፋ ያድራል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ቤት የበሰለ አይቀምስም። ዳቦና ሽንኩርቱን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል።

ሰውየው ድስት ጠጋኝ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲል «ጋሽ ቀዳዳ» ይሉታል፤ ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የድስቱን ቂጥ ስለሚያይ።

በእሱ የጉብዝና ዘመን ድስት እንደ መሬት ይወረስ ነበር። ጎረቤታሞች ተዋውሰው ድስቱ ቢቀላቀልባቸው እንኳ ጥጋኙን አይተው «ይኼ የእነ እንትና ነው» ይላሉ። በኋላ ቀለል ያለው የፋብሪካ ድስት መጣ፤ ሲቀደድ ይጣላል። ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መጣ፤ እሳት አይፈልግ፣ ጠባቂ አይፈልግ፣ ምግቡ ሲደርስ ጢጥ ብሎ ይጣራል። ሌሎቹ ጠጋኞች መዶሻቸውን ሸጠው ዘበኛ ሆኑ። እሱም ሦስት ወር ያህል ጭር ብሎበት ነበር። ከዚያ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሦስት አራት ድስት ይጎርፍለት ጀመር።

«ሌላው ሰፈር ከዳ፤» ይላል ደረቱን ነፍቶ፤ «የእኔ ሰፈር ሴቶች ግን ድስት ያውቃሉ!»

ምሳ ላይ ደግሞ ሾርባውን ፉት ብሎ «ይኼ ነው የድሮ ድስት ጣዕም!» ሲል ሚስቱም፣ ቡና ልትበደር ብቅ ያለች ጎረቤትም አንገታቸውን ይደፋሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ድስት ይዛ መጣች። ወደ ፀሐይ አነሣና አየው፤ ከዚያ ጣቱን ሰደደበት። እሳት የበላው ቀዳዳ ዳር ዳሩ ስስ ነው፤ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ይኼኛው ግን ወደ ውጭ ከንፈሩን አሹሏል። ደግሞም አራት ማዕዘን ነው።

«ምን ሲበስልበት ተቀደደ?»

«ምስር ነዋ፣ ጋሼ። ረሳሁትና አረረብኝ።»

«ምስሩ ጥርስ አብቅሎ ነበር?»

ሳቀች፤ ብቻዋን መሳቋን ስታውቅ ግን አቆመች። እሱ ሳጥኑን ከፍቶ አንድ አራት ማዕዘን ምስማር አወጣና ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ልክክ አለ። እንዲህ ያለ ምስማር በመንደሩ ያለው እሱ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ፤» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «ባለቤትዎ እትዬ ናቸው የሚበሱት። በየቤቱ የተጣለውን አሮጌ ድስት ለቅመው ይበሱትና በሞረድ አለስልሰው፣ ፍም ላይ አጥቁረው ያድሉናል። ዛሬ ቸኩለው ነው መሰለኝ ሳይሞርዱት…»

«ለድካሜ የምታመጡልኝ እንቁላልስ?»

«እሱም… የራስዎ ዶሮ የጣለችው ነው፤ እትዬ ናቸው የሚሰጡን።»

ድስቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ቤቱ ገሰገሰ። ልብስ ሰፊዋ ተከተለችው፤ እሷን ደግሞ ወሬ የሸተታቸው ሁለት ጎረቤቶች ተከተሏት።

ምሳ ሰዓት ገና ነበር። ማድ ቤት ሲገባ በገዛ እጁ የጠገነው፣ የሚኮራበት ድስት ክዳኑን ደፍቶ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። ነካው፤ ቀዝቃዛ። ከፈተው፤ ባዶ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ጢጥ አለ። ሚስቱ ሾርባውን ከኤሌክትሪኩ ወደዚህ ድስት ልትገለብጥ ጭልፋ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ላሞኝህ ብዬ አይደለም፤» አለች በመጨረሻ። «ያን ሦስት ወር ታስታውሳለህ? መዶሻህን ስትወለውል ትውላለህ፤ እህል አስጠላህ። ቁጭ ብለህ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ?»

«ብትነግሪኝስ?»

«ብነግርህማ ያኔውኑ ትሞት ነበር።»

«ድስት ግጣሙን አያጣም፣ ጋሼ፤» አለች ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ላይ። «ስለሚወዱዎት እኮ ነው።»

ብብቱ ሥር የሸጎጠውን ድስት መሬት ላይ አስቀመጠው። ወሬው እንደሚለው አልወረወረውም፤ እንቁላል እንደሚያኖር ሰው ቀስ ብሎ። ምስማሩ እጁ ውስጥ ቀርቷል። ሚስቱን አየ፤ በሩ ላይ የተደረደሩትንም አንድ በአንድ አየ።

«መብሳቱስ ይሁን፤» አለ። «ብቻ እኔ ‹ይኼ ነው የድሮ ድስት ጣዕም› ስል፣ ቀድማ የምትስቀው የትኛችሁ ነበረች?»

ከዚያ ዳቦና ሽንኩርት አንሥቶ ደጃፍ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።