የመቻል ዳቦ

ሚዛን ከተማ፣ እማዬ ጓዳ ተቀምጫለሁ። ኮባው እሳት ላይ ሲለበለብ ያ እርጥብ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሽታ መጣ። ወዲያው በሐሳብ ወደ ልጅነቴ ቴፒ ተመለስኩ፤ የገና ዋዜማ ነው፣ ገና ትንሽ ልጅ ነኝ።

እማዬ በየበዓሉ ለውሻችን ለመቻል ለብቻው ትንሽ ዳቦ ትጋግርለት ነበር። ቡናውንም በቆሎውንም ከጦጣ የሚጠብቅልን እሱ ነዋ! የበቆሎ ዱቄቱን የምታቦካው በአጥንት መረቅ ነው። እኛ ጾም ላይ ስለሆንን መረቁን የሚሰጡን የማይጾሙት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ናቸው። "ውሻ ደግሞ ምን ጾም አለው!" እያሉ ይስቃሉ።

የዚያን ዓመት ግን መቻል አልነበረም። አባዬ ከእማዬ ጋር ተጣልቶ ወደ ማሻ ሲሄድ ተከትሎት ሄዷል። እማዬ እንደ ልማዷ ሊጡን በኮባ ጠቀለለች።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለመቻል። እሱ ከመጣ ብቻውን አይመጣም።"

አልገባኝም። ዳቦውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ አስተኛችኝ።

ጠዋት ግቢውን ጉም ሞልቶታል። በጉሙ ውስጥ አባዬ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ የውሻውን ዳቦ ገምሶ፣ ግማሹን ለመቻል ሰጥቶ ግማሹን ሲበላ አየሁት። ቀና ብሎ አላየንም። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

"ግቡ እንግዲህ" አለች፣ "ይበርዳችኋል።"

አባዬ ካረፈ ቆየ፤ መቻልም ከእሱ በፊት ሞቷል። ዛሬ እማዬ የበዓሉን ዳቦ ጋግራ ስትጨርስ ከቀረው ሊጥ ትንሽ ቆረሰችና ኮባ አቀብይኝ አለችኝ።

ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አቀበልኳት።